የሙሽራዋን እናት የሚያስነሳ ኮሌክሽን

መርሳ ላይ ፍላሽ ይዞ ሱቄ የሚገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለው አንድ ነው፤ «ጭፈራ ብቻ ጫኚልኝ።» ሰው ከሰው የሚለየው ቀጥሎ በሚለው ነው። ባጃጅ ነጂው ዘፈኑ ገና ሲጀምር ከበሮ እንዲኖረው ይፈልጋል፤ ክራሩ ቀስ ብሎ እስኪገባ ተሳፋሪው ይወርዳል ይለኛል። ከወልድያ ደሴ የሚመላለሰው የሚኒባስ ሹፌር እንቅልፍ የሚያባርር ነገር ነው የሚፈልገው፤ መሃል ላይ ትዝታ ከገባበት ውርጌሳ ሳይደርስ ደውሎ ይሰድበኛል። በገበያ ቀን ከሀብሩ ገጠር የሚመጡ አንድ አዛውንት ደግሞ ሚሞሪያቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ያመጡና፣ «ወላሂ ያለፈው ጥሩ ነበር፣ ግን ልጆቹ የሚጮሁበትን አውጪልኝ» ይላሉ። ልጆቹ የሚጮሁበት የትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። በመጡ ቁጥር አንዱን አወጣለሁ፣ እሳቸውም በመጡ ቁጥር ይመርቁኛል።

እኔ ዘፋኝ አይደለሁም። ሌላው የዘፈነውን መርጬ፣ ደርድሬ፣ አንድ ላይ አድርጌ የምሰጥ ሴት ነኝ። አንዳንዱ ይህንን ከሥራ አይቆጥረውም። «ኮፒ ማድረግ ደግሞ ምን ሥራ ነው?» ያለኝ ሰው ነበር። እህቱን ሊድር ሲል ግን በሦስት ቀን ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ደጅ ጠናኝ። አንዱን ዘፈን ከላይ አድርጊው፣ አይ ወደ ታች አውርጂው እያለ አደረቀኝ። ያኔ፣ «ኮፒ አይደለም እንዴ? ምን ያስጨንቅሃል?» አልኩት። አፌ አያርፍም፤ ይህ ደንበኛ ያሳጣኝ ጊዜም አለ።

ለጭፈራ ኮሌክሽን የሚመጣ ሰው አዲስ ነገር እፈልጋለሁ ይላል እንጂ አይፈልግም። የሚያውቀውን ነው የሚፈልገው። የሚያውቀውን በደንብ ከሰማ በኋላ፣ «ይህችን ደግሞ ከየት አመጣሻት?» የሚልባት አንዲት የማያውቃት ዘፈን ከተገኘች በጣም ይደሰታል። ሁለት ከሆኑበት ግን ይቆጣል። በዘፈን መሃል ገብቶ የሱቁን ስም የሚለፍፍ ድምፅ የሚወድ ሰው ደግሞ እስካሁን አልገጠመኝም። እኔም አንድ ሰሞን አማረኝና «ከመርሳ የተዘጋጀ!» የሚል የራሴን ድምፅ በየዘፈኑ መሃል ከተትኩ። በሳምንቱ አንዲት ደንበኛዬ መጥታ፣ «እስክስታው መጣፈጥ ሲጀምር አንቺ ከች ትያለሽ። ሰርጉ ላይ እኮ አልጠራንሽም» አለችኝ። ሳቄ መጣ። የዚያኑ ዕለት ድምፄን አወጣሁት።

ከሁሉ ይበልጥ ያስተማረኝ ግን በዘፈንና በዘፈን መካከል ያለችው ዝምታ ናት። የከተማ ልጆች ዘፈኖችን ሳያቋርጡ እንዴት እንደሚያያይዙ ከስልክ ላይ አይቼ ለመድኩ። ኩራቴን አትጠይቁኝ። ለአንድ የመርሳ ሰርግ አንድ ሰዓት ሙሉ ከበሮው የማይቆም ኮሌክሽን ሠርቼ ሄድኩ። በእኛ አገር ደግሞ ለጭፈራ የተነሳ ሰው ዘፈኑ ሳያልቅ መቀመጥ ነውር ነው፤ ደጋሹን እንደ መናቅ ይቆጠራል። ዘፈኑ አላልቅ ሲል የሙሽራው አክስት መቀመጥ አቅቷቸው፣ መጨፈርም አቅቷቸው፣ የዳሱን ቋሚ ይዘው ትከሻቸውን ብቻ እያንቀጠቀጡ ቀሩ። በመጨረሻ፣ «ኧረ አንቺ ልጅ፣ ልትገድይን ነው?» ብለው ጮኹብኝ። ከዚያ ወዲህ በየመሃሉ እልል የሚባልበት፣ የሚመረቅበት፣ ላብ የሚጠረግበት ጊዜ እተዋለሁ። ይህንንም ካወቅሁ በኋላ ሰው ከኮሌክሽን ምን እንደሚፈልግ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም ብዬ አረፍኩት።

ጥር ሊገባ ሲል አንዲት ልጅ ከወልድያ መጣች። ልትዳር ነው። ሙሽራው የመርሳ ልጅ ነው፤ አባቱ ከከተማው ወጣ ብለው የሚያርሱ ገበሬ ናቸው። ሰርጉ ወልድያ በእናቷ ግቢ፣ ሁለቱ ቤተሰቦች የሚገናኙበት ቅልቅል ደግሞ ከሰርጉ ቀጥሎ ባለው እሑድ እዚህ መርሳ በሙሽራው አባት ግቢ ተቆርጧል። ለሁለቱም ቀን ሞንታርቦውንም ዘፈኑንም እኔ እንዳሰናዳ ተነጋግረናል። ሌሎች ሙሽሮች የዘፈን ዝርዝር በወረቀት ጽፈው ይመጣሉ። እሷ ባዶ እጇን ነበር።

«እትዬ፣ ዘፈኑን እንደፈለግሽ አድርጊው» አለችኝ። «እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። እናቴ ትነሳልኝ።»

እናቷ ትውልዳቸው ከትግራይ ነው፤ ወልድያ ላይ ጨርቅ ሲነግዱ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሴት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፣ ያለቻቸውም ይህቺው አንድ ልጅ ናት። ድሮ ሰርግ ቤት ውስጥ የታወቁ ጨፋሪ ነበሩ አለች፤ የትግርኛው ክብ ጭፈራ፣ ጓይላ፣ ሲመጣ ዙሩን እሳቸው ካልጀመሩት ሰው አይነሳም ነበር። ከጦርነቱ ወዲህ ግን አንድም ቀን አልጨፈሩም። ጎረቤት ክፉ አልተናገራቸውም፤ እንዲያውም በዚያ ሰሞን ቤታቸው የደበቋቸው አሉ። ይሁን እንጂ ከትግራይ የእህታቸው ስልክ ሲደወል ቤት ገብተው በር ዘግተው ነው የሚያነሱት። መንገድ ላይ ከአማርኛ ሌላ ከአፋቸው አይወጣም።

«አልጨፍርም አትልም» አለች ልጅቷ። «ጉልበቴን ትላለች። ጉልበቷ ደህና ነው፤ ገበያ በእግሯ ነው የምትመላለሰው። እኔ ሳገባ ካልተነሳች በቃ፣ ለዘለዓለም አትነሳም።»

የትግርኛ ዘፈን ጨምሪበት አላለችኝም። እኔም ልጨምር ወይ ብዬ አልጠየቅኋት። ሁለታችንም የኮምፒውተሩን መስኮት አየን። እሷ መርሳ ውስጥ ይህን መጠየቅ ይከብዳል ብላ ሰጋች፤ እኔ ደግሞ ካነሳሁት የማይነካ ነገር የነካሁባት እንዳይመስላት ሰጋሁ። ይሉኝታ ሁለታችንንም አፋችንን ያዘን። ሻይ አስመጣሁላትና ስለ ቬሎዋ አወራን።

የራሴን ልናገር። በጦርነቱ ጊዜ ሱቄን ጥዬ ገጠር ስገባ ይዤ የወጣሁት ዘፈኖቼ ያሉበትን ሃርድ ዲስክ ብቻ ነው፤ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬው ነበር። ስመለስ ሱቁ ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ። ማን ምን እንደወሰደ መቁጠር አልወድም፤ ግን ለረጅም ጊዜ ከፍቶኝ ነበር። ድሮ የወልድያ ሰርግ ያለ ጓይላ ሰርግ አይባልም ነበርና «ትግርኛ» የሚል ትልቅ ፎልደር ነበረኝ። ከጦርነቱ በኋላ ስሙን ቀይሬ «ልዩ ልዩ» አልኩት። መሰረዝ አልሆነልኝም፣ መክፈትም አልሆነልኝም። ሰው ምን ይለኛል ብዬ እፈራ ነበር፤ ከዚያ ይበልጥ ግን ራሴ ስሰማው ምን እንደሚሰማኝ ነበር የምፈራው።

ልጅቷ ከሄደች በኋላ አንድ ዘዴ መጣልኝ። ዘፈን ውስጥ የዘፋኙን ድምፅ ለይቶ የሚያወጣ ፕሮግራም አለ። ያን ፎልደር ድምፁን ሳልከፍት ከፈትኩት፤ አንድ የታወቀ የጓይላ ዘፈን መረጥኩና ቃሉን አወጣሁት። ከበሮው አለ፣ ክራሩ አለ፣ ማሲንቆው አለ። ቋንቋ የለም። ከራያው ዘፈን ቀጥሎ ሳስገባው፣ የከበሮው አመታት ስለሚቀራረብ የማያውቅ ሰው መለወጡንም አይነቃም። እናትየው ይነሳሉ፣ ማንም አይከፋም፣ ማንም ምንም አይጠይቅም። ሦስት ቀን ለፋሁበትና ስጨርስ ለብቻዬ አጨበጨብኩ።

የሰርጉ ቀን ወልድያ ላይ ዳሱ ጢም ብሎ ሞላ። እናትየው ነጭ ለብሰው በሴቶቹ በኩል ተቀምጠዋል። አምባሰሉ አለፈ፣ እስክስታው አለፈ፣ ራያው ሲመጣ ወጣቱ መሬቱን ደበደበው። ከዚያ የእኔ ዘፈን ገባ። ልጆቹ ምንም ሳይነቁ እስክስታቸውን ቀጠሉ። እናትየው ግን ከበሮው ሁለቴ እንደመታ ቀና አሉ። ዓይኔን ከእሳቸው ላይ አልነቀልኩም። ቀኝ ትከሻቸው እንቅስቅስ አለ። ሙሽራዋም አየች፤ በቬሎዋ እንዳለች አፏን በእጇ ያዘች።

ዘፋኙ የሚገባበት ቦታ ደረሰ። እናትየው አንገታቸውን ትንሽ ዘንበል አድርገው ጠበቁ። ማንም አልገባም። ክራሩ ብቻውን ዞሮ መጣና አሁንም ጠበቁ፤ አሁንም ማንም አልገባም። ትከሻቸው ቆመ። ቀስ ብለው ተነሱ፤ እኔ የተሳካ መስሎኝ ድምፁን ከፍ አደረግሁት። እሳቸው ግን ከመሶቡ ሥር የውሃ ጆግ አንስተው እንግዳ ሊያጠጡ ሄዱ። ሙሽራዋን ላለማየት ገመዴን የማስተካክል መስዬ ጎነበስኩ።

ሰዉ ተበትኖ ሞንታርቦውን ስንጭን እናትየው ወደ እኔ መጡ። በእጃቸው በሰሃን የተሸፈነ ምሳ ይዘዋል፤ እንዳልበላሁ አይተው ነው።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ያ ዘፈን ላይ እኮ ሰው ነበረበት። የት አደረግሽው?»

ዋሽቼ ልገላገል ፈልጌ ነበር፤ አልወጣልኝም። «አወጣሁት፣ እማማ። ሰው እንዳይከፋ ብዬ ነው።»

«ማን እንዳይከፋ?»

እሳቸው ፊቴን አይተው፣ «አይዞሽ፣ ደግ አስበሽ ነው። ብይ» ብለው ሰሃኑን ሰጡኝና ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸውን ላስደስት ሄጄ፣ እሳቸው እኔን አጽናንተው ሸኙኝ። መኪና ላይ ተቀምጬ እስከ መርሳ ድረስ አፈርኩ። የልጅቷን ነገር ሳስብ ደግሞ ባሰብኝ። የቀረን አንድ ቀን ነው፤ እሑድ።

ማክሰኞ ጠዋት ወደ ሙሽራው አባት ቤት ሄድኩ። ለዳሱ የሚሆን እንጨት በመጥረቢያ እየጠረቡ ነበር። ወንበር ሊያስመጡልኝ ሲሉ ቆሜ ልናገር ብዬ እንቢ አልኩ።

«አባባ፣ አንድ ነገር ላስፈቅድዎ መጥቼ ነው። የእሑድ ዕለት አንድ የትግርኛ ዘፈን ልልቀቅ ብዬ ነበር። ከነቃሉ።»

መጥረቢያቸውን መሬት ላይ አስደገፉ። እሳቸው በጦርነቱ ሰሞን የወንድማቸውን ልጅ ቀብረዋል። መርሳ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም፤ እኔም እያወቅሁ ነው የሄድኩት። ፈራ ተባ እያልኩ፣ «ካልወደዱት ይቅር፣ አባባ» አልኩ።

«ዘፈኑ ምን አደረገኝ?» አሉ። «እኔ የምቆጣሽ ያኔ ታጣቂዎቹ ሌት ተቀን ያስጮኹት የነበረውን ፉከራ ብትለቂብኝ ነበር። እሱን ከቤቴ አልሰማም። ሴትዮዋ ዘመዴ ሆነዋል፤ ከቤቴ መጥተው አንገታቸውን ደፍተው እንዲሄዱ ነው እንዴ የምትፈልጊው?»

«ኧረ አይደለም።»

«እንግዲያስ ምን ልታስፈቅጂኝ መጣሽ? ዘፈን የምታውቂው አንቺ ነሽ።» መጥረቢያውን መልሰው አነሱና ጨመሩበት፤ «ግን ሰው ከበላ በኋላ ይሁን። ያልበላ ሰው ነገር ይፈልጋል።»

ሱቄ ተመልሼ በሩን ገርበብ አደረግሁና ያን ፎልደር ከነድምፁ ከፈትኩ። እጄ ማውሱ ላይ ቆየ። ዘፋኙ ሲገባ የመጣብኝ ትዝታ የራሴ ሰርግ ነው፤ እኔም በዚሁ ዘፈን ዞሬአለሁ። የባለቤቴ ጓደኞች ጫማቸውን አውልቀው ሲዞሩ፣ እኔ የቬሎዬን ጫፍ ይዤ ስከተላቸው ታየኝ። ይከፋኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልከፋኝም። አልቅሻለሁ፣ እሱን አልደብቅም፤ ግን ከፍቶኝ አልነበረም። የፎልደሩንም ስም መለስኩለት።

ከዚያ ስለ አቀማመጡ ማሰብ ነበረብኝ። እንደ ባለፈው ከራያው ጋር አያይዤ ላስገባው አማረኝ፤ ተውኩት። እንግዳን በጓሮ በር ማስገባት ሆነብኝ። ከፊቱ በቂ ዝምታ ተውኩለት፣ ከኋላውም እንደዚያው። ሲጀምር ሁሉም ሰው ምን እንደሆነ ይወቀው፤ መነሳት የፈለገ ይነሳ፣ መውጣት የፈለገም ይውጣ።

እሑድ ከወልድያ በሁለት ሚኒባስ መጡ። ዳሱ ውስጥ ሁለቱ ቤተሰቦች ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ የእስላም ጎረቤቶች ለብቻ የተሰናዳላቸውን በልተው በአንድ በኩል ሰብሰብ ብለዋል። ምሳ ተበላ፣ ተመረቀ፣ ጥቂት ተጨፈረ። የሙሽራው አባት ከተቀመጡበት አየት አደረጉኝ። ለቀቅሁት።

ክራሩ ገባ፣ ከበሮው ገባ፣ ቀጥሎ የዘፋኙ ድምፅ ዳሱን ሞላው። ወሬ ቆመ። ከዳሱ ቋሚ አጠገብ የነበሩ ወጣቶች ተያዩ፤ አንደኛው ምንም ሳይል ወጣ። እጄ ድምፁን የሚቀንሰው ቁልፍ ላይ ነበር። አልቀነስኩም።

እናትየው ቀና ብለው እኔን አዩኝ፤ ከዚያ ጉልበታቸውን አዩ። ሁለት እጃቸውን አጣምረው ያዙ። አልተነሱም። ሙሽራዋ ዓይኗን ከእናቷ ላይ አልነቀለችም። ጓይላ ደግሞ ለብቻ የሚጨፈር ነገር አይደለም። አንድ ሰው ቢጀምር ከኋላው የሚከተለው ይፈልጋል፤ ያ ሁሉ የመርሳ ሰው በተቀመጠበት እሳቸው ብቻቸውን ተነስተው ማንን አስከትለው ይዙሩ? ይህ ገና ያኔ ነው የገባኝ። ቃሉን መልሼ፣ የሚከተላቸው ሰው ግን አላሰብኩም። ዘፈኑ ደግሞ እየሄደ ነው።

የሙሽራው አባት ተነሱ። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አጣፍተው፣ ዱላቸውን ለጎረቤታቸው ሰጥተው፣ ዳሱን አቋርጠው ሴትዮዋ ፊት ቆሙ።

«እሜቴ፣ እኔ እንደሁ አላውቅበትም» አሉ። «ይምሩኝ።»

«ጉልበቴ እኮ…» አሉ እናትየው።

«የእኔም እንደዚያው ነው። ቀስ እንላለን።»

እናትየው ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና ተነሱ። መጀመሪያ ሁለት እርምጃ፣ ቆም፣ እንደገና ሁለት እርምጃ። አዛውንቱ ከኋላ ተከተሉ፤ እግራቸው ሌላ፣ ከበሮው ሌላ። እናትየው ዞር ብለው የሽማግሌውን ትከሻ ያዙና፣ «እንደዚህ፣ ሳት አይበሉ፣ መሬቱን ብዙ አይልቀቁት» አሏቸው። ሙሽራዋ ቬሎዋን ሰብስባ ገባች። ሙሽራው ገባ። የመርሳ ሴቶች እልልታቸውን ይዘው ገቡ፣ ከጎረቤቶቹም ተነሱ፤ ዙሩ ሰፍቶ ወንበሮቹን መግፋት ግድ ሆነ። የወጣው ወጣት አልተመለሰም። አልፈረድኩበትም፤ የእሱ ቤት ምን እንደደረሰበት እኔ አላውቅም።

እናትየው መጀመሪያ ቃሉን በከንፈራቸው ብቻ ነበር የሚከተሉት። ሁለተኛው ዙር ላይ ድምፃቸው ተሰማ። ከበሮው ሲፈጥን፣ ሰው ፊት ለፊት ተያይቶ ትከሻ የሚጥልበት ቦታ ላይ ሲደርስ፣ ወደ ሙሽራው አባት ዞሩና አንገታቸውን ቀጥ አድርገው ትከሻቸውን ለቀቁት። ሽማግሌው እየሳቁ፣ «ኧረ ተዉኝ፣ ኧረ ተዉኝ» ይላሉ፤ ግን አልተቀመጡም። ልጅቷ እያለቀሰች ታጨበጭባለች። እኔም ከሞንታርቦው ኋላ ብቻዬን ስጨፍር ራሴን አገኘሁት።

ዘፈኑ አለቀ። ሁሉም ትንፋሽ እየሳበ እንደቆመ ነው። ቀጥሎ ያለውን ልለቅ እጄን ስሰድ፣ እናትየው ከመሃል ሆነው መዳፋቸውን አነሱብኝ።

«ድገሚው» አሉኝ።